አራት ሃርድ ዲስክ ገዝተናል፤ ሬይድ 0 ወይስ ሬይድ 5?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ከወንድሜ ጋር የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ አለን። ሁለታችንም ኤዲት እናደርጋለን። እስካሁን ሥራችን በሙሉ ኤክስተርናል ዲስኮች ላይ ነበር። አንዱ ሰሞኑን ሁለት ሰርግ እንደያዘ ቆመ፤ ስንሰካው ኮምፒውተሩ አያየውም። ከዚያ በኋላ አራት ባለ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ገዛን። አንድ ጓደኛችን ‹ሬይድ 0 አድርጉት፣ ኤዲቲንጉ ይበርላችኋል› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹ሬይድ 5 ካደረጋችሁት ባክአፕ አያስፈልጋችሁም› ይላል። በሰርግ ሰሞን እስከ 3 ቴራ ፋይል ይከማችብናል። መብራትም ቶሎ ቶሎ ይሄድብናል። ምን ይሻላል?»

ሬይድ ማለት ብዙ ዲስኮችን አስተሳስሮ እንደ አንድ የማሠራት ዘዴ ነው። ሁለቱንም ምክር ተዉት። አራቱን ዲስክ አንድ ላይ አታጣምሩ። ሁለቱን በሬይድ 1 አጣምሩ፤ የቀሩትን ሁለቱን ለባክአፕ ለዩ። ለፍጥነቱ አንድ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ጨምሩ። መልሱ ይኸው ነው። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሥራችሁ ሲያድግና ዲስክ ስትጨምሩ እንደገና መወሰናችሁ አይቀርም።

ከሁሉ በፊት የቆመው ዲስክ። እዚያ ውስጥ የሁለት ቤተሰብ ሰርግ አለ፤ ከአዲሶቹ በፊት እሱ ይቀድማል። ሰክታችሁ ጆሯችሁን አስጠጉና አዳምጡት። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው፣ ወይም ለመሽከርከር ሞክሮ ሞክሮ የሚቆም ከሆነ፣ ወዲያው ንቀሉት፤ ደግማችሁም አትሰኩት። የሚያነበው ጭንቅላት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ በሰካችሁት ቁጥር ዳታው ያለበትን ገጽ እየፋቀ ይሄዳል። ያኔ ዳታ በማውጣት ሥራ ላይ ለተሰማራ ባለሙያ ብቻ ነው የሚሰጠው። ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት የሚል ምክር ከሰማችሁ እንዳትሞክሩት፤ ሲወጣ ውስጡ እርጥበት ይይዛል።

ድምፁ ደህና ከሆነ ግን ተስፋ አለ። ገመዱን ቀይሩ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። የራሱ የመብራት አስማሚ ያለው ትልቁ ዓይነት ከሆነ አስማሚውንም በሌላ ሞክሩ። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ከዩኤስቢ ጋር የምታገናኘው ትንሿ ሰሌዳ ብቻ የምትቃጠልበት ጊዜ ብዙ ነው። ትልቁን ዓይነት ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ አውጥቶ በሳታ ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ መሰካት ይቻላል። ትንንሾቹ የኪስ ዲስኮች ግን አስቸጋሪ ናቸው። ብዙዎቹ ላይ ዩኤስቢው የተበየደው ዲስኩ ሰሌዳ ላይ ራሱ ነው፤ አንዳንዶቹም ሳትጠይቋቸው ዳታውን ይመሰጥራሉ። እነሱን ፈቶ መነካካት ትርፉ ጉዳት ነው።

ዲስኩ ከታየላችሁ ፋይል እየመረጣችሁ መገልበጥ አትጀምሩ። ከአዲሶቹ አራት ዲስኮች አንዱን ውሰዱና ሙሉውን ዲስክ እንዳለ ወደ እሱ ቅዱት። ሊኑክስ ላይ ያለው ዲዲሬስኪው የሚባለው ፕሮግራም ለዚህ የተሠራ ነው። በቀላሉ የሚነበበውን ቀድሞ ያወጣል፤ አስቸጋሪውን ቦታ ለመጨረሻ ያቆየዋል። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ካላችሁ እምቢ በሉ። ዲስክ የሚጠግኑ ፕሮግራሞችንም አታስነሱበት። እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ መጻፍ የተረፈውንም ሊወስደው ይችላል። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሬይድ። ሐሳቡ በዚህ ስም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ አንድ ጥናት አወጡ። በዚያን ጊዜ ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በግዙፍና ውድ ዲስኮች ነበር። ሦስቱ ሰዎች ያሉት ይህን ነው፦ ለግል ኮምፒውተር የሚሸጡትን ርካሽ ትንንሽ ዲስኮች ሰብስበን አንድ ላይ ብናሠራቸው ከግዙፉ ይፈጥናሉ። ነገር ግን ዲስኩ በበዛ ቁጥር አንዱ የመበላሸቱ ዕድልም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ አንዱ ሲሞት ሌሎቹ እንዲተኩት ትርፍ መረጃ መያዝ አለባቸው። የሬይድ መሠረቱ ይሄ ነው። ጥናቱ ላይ የተዘረዘሩት ደረጃዎች ከ1 እስከ 5 ነበሩ። ሬይድ 0 የሚባለው በኋላ የመጣ ነው፤ ትርፍ መረጃ የሚባል ነገር የለውም።

ጓደኛችሁ የመከራችሁ እሱን ነው። ሬይድ 0 አንዱን ፋይል ቆራርጦ አራቱም ዲስኮች ላይ በየተራ ይበትነዋል። አራቱ በአንድ ጊዜ ስለሚያነቡ ፍጥነቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ቦታውም 16 ቴራ ሙሉ ነው። ዋጋው ደግሞ ይህ ነው፦ ከአራቱ አንዱ ሲሞት የአራቱም ዳታ ይጠፋል። የሰርጉ ቪዲዮ ሩቡ ጎድሎ አይቀርም፤ እያንዳንዱ ፋይል ቁርጥራጩ ስለሚጎድለው ሙሉው አይከፈትም።

ይህን በቁጥር እንየው። ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ የክላውድ ኩባንያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮቹን እየተከታተለ ውጤቱን በየጊዜው ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከዲስኮቹ የተበላሹት 1.57 በመቶ ነበሩ። ትንሽ ይመስላል። አራት ዲስክ በሬይድ 0 ብታስሩ ግን በዓመት ውስጥ ሁሉንም የማጣት ዕድላችሁ ወደ 6 በመቶ ይወጣል። ያም መብራቱ በማይቆራረጥበት፣ አየሩ በሚቀዘቅዝበት የዳታ ማዕከል ውስጥ ነው። የእናንተ ክፍል እንደዚያ አይደለም።

ጓደኛችሁ ግን ፍጥነት ያለው በከንቱ አይደለም። ኤዲት ስታደርጉ እየተንቀራፈፈባችሁ ነው ማለት ነው። ጥያቄው የሚያንቀራፍፈው ዲስኩ ነው ወይ? የሚለው ነው። እስቲ እናስላው። 4ኬ የሚቀርጽ ካሜራ በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት ይጽፋል እንበል፤ ብዙዎቹ የሰርግ ካሜራዎች እዚህ አካባቢ ናቸው። ይህ በባይት ሲመነዘር በሴኮንድ 12.5 ሜጋ ባይት ነው። ሦስት ካሜራ አንድ ላይ ብታጫውቱ 37.5 ሜጋ ባይት። ተራ ሃርድ ዲስክ ተከታታይ ፋይል ሲያነብ በሴኮንድ 150 ሜጋ ባይትና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ዲስኩ ከበቂ በላይ ነው ማለት ነው። ሦስት የተለያዩ ፋይሎች መካከል ሲዘል ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚያቃስተው ፕሮሰሰሩ ነው። ካሜራው ቪዲዮውን ቦታ ለመቆጠብ አጥብቆ አሽጎታል። ኤች 264 እና ኤች 265 የሚባሉት የማሸጊያ ዘዴዎች ናቸው። ኤዲት ስታደርጉ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምስል በየሴኮንዱ መፍታት አለበት። አርጅቶ የደከመ ፕሮሰሰር ላይ ወይም ደካማ ግራፊክስ ካርድ ላይ የዓለም ፈጣን ዲስክ ብትጨምሩ ለውጥ አታዩም።

ለማወቅ ቀላል ነው። ፕሮጀክቱን ክፈቱና ቪዲዮውን እያጫወታችሁ የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር ተመልከቱ። ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ላይ ሂዱ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ፕሮሰሰሩ ዘና ካለ ችግሩ ዲስኩ ነው። ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ሆኖ ዲስኩ 10 እና 20 በመቶ ላይ ከሆነ ደግሞ ሬይድ አይረዳችሁም። ያኔ መፍትሔው ፕሮክሲ ነው። የኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ ፕሪሚየርም ዳቪንቺ ሪዞልቭም ይሠሩታል፤ ከዋናው ፋይል ቀለል ያለ ቅጂ አውጥታችሁ በእሱ ትቆርጣላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ ዋናውን ይተካና ያወጣል። ሌሊቱን ፕሮክሲ እንዲያዘጋጅ ትታችሁት ብትሄዱ ጠዋት ሥራው ይቀልላችኋል። ገንዘብ አያስወጣም።

ዲስኩ ሆኖ ከተገኘ አንድ ባለ 2 ቴራ ኤስኤስዲ ግዙ። ተራው የሳታ ኤስኤስዲ በሴኮንድ 500 ሜጋ ባይት ያልፋል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ዓይነት ከዚህም ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ፋይል ከፋይል ሲዘል አለመድከሙ ነው። የሚሽከረከር ነገር የለውማ። አራት ሃርድ ዲስክ በሬይድ 0 ታስሮም በዚህ አይደርስበትም። ኤስኤስዲው ላይ የሚቀመጠው ግን በእጃችሁ ያለው ሥራ ብቻ ነው፤ ዋናው ቅጂ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ መኖር አለበት። ኤስኤስዲ ሲሞት ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ብሎ አያስጠነቅቅም፤ ድንገት ዝም ይላል።

ወደ ሁለተኛው ጓደኛችሁ ልሂድ። ሬይድ 5 መጥፎ ነገር አይደለም። የሚሠራበት መንገድም በጣም ደስ ይላል፤ ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። አራት ዲስክ አለ። ሦስቱ ላይ ዳታ ይጻፋል፤ አራተኛው ላይ የማመሳከሪያ ቁጥር። ሕጉ አንድ ነው፦ በአራቱ ላይ ያሉት የ1 ቁጥሮች ብዛት ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ይሁን፤ ማለትም ወይ 0፣ ወይ 2፣ ወይ 4። ዳታው 1፣ 0፣ 1 ከሆነ ሁለት አንዶች አሉ፤ ስለዚህ ማመሳከሪያው 0 ይሆናል። አሁን የመጀመሪያው ዲስክ ሞተ እንበል። የቀሩት 0፣ 1 እና ማመሳከሪያው 0 ናቸው። አንድ 1 ብቻ ነው ያለው፤ ብዛቱ ጎዶሎ ሆነ። ስለዚህ የጠፋው 1 ነበር ማለት ነው። ይህ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም የሞተው ዲስክ እንዳለ ተመልሶ ይጻፋል። ማመሳከሪያው አንድ ዲስክ ላይ ብቻ አይከማችም፤ ጫናው እንዳይበዛበት በአራቱም ላይ እየተፈራረቀ ይቀመጣል። ከ16 ቴራው 12ቱን ትጠቀማላችሁ፤ አንድ ዲስክ ቢሞት ሥራ አይቆምም። ቦታ ለሚቆጥብ ሰው ማራኪ ነው።

ችግሩ የሚመጣው አንዱ ከሞተ በኋላ ነው። አዲስ ዲስክ ስትተኩ የቀሩት ሦስቱ ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለባቸው። 4 ቴራ በሴኮንድ በ150 ሜጋ ባይት ሲጻፍ ምንም ሳይስተጓጎል ከ7 ሰዓት በላይ ይወስዳል። እናንተ እየሠራችሁበት ከሆነ ደግሞ እጥፍና ከዚያም በላይ። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ ቢሞት ሁሉም ነገር አበቃ። አራቱን በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ከገዛችኋቸው ምናልባት ከአንድ ምርት የወጡ ናቸው፤ እኩል ሠርተዋል፣ እኩል ሞቀዋል፣ የመብራቱን ግርፋት እኩል ቀምሰዋል። አንዱ ሲደክም ሌላውም ሩቅ ላይሆን ይችላል። በዚያ ላይ የተራ ዲስክ አምራቾች ከ100 ትሪሊዮን ቢት አንዱ ላይነበብ ይችላል ብለው ይጽፋሉ። ይህ ወደ 12.5 ቴራ ባይት ነው። ሦስት ባለ 4 ቴራ ዲስክ ዳር እስከ ዳር ማንበብ ማለት ደግሞ 12 ቴራ። በተግባር ዲስኮች ከዚህ ወረቀት የተሻሉ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ተሳክቶ ያልቃል። ነገር ግን የሰው ሰርግ የሚያህል ነገር «ብዙ ጊዜ» ላይ አይቀመጥም።

መብራቱም አለ። ሬይድ 5 ትንሽ ነገር ሲቀይር አራት ሥራ ይሠራል። የድሮውን ዳታ ያነባል፣ የድሮውን ማመሳከሪያ ያነባል፣ አዲሱን ዳታ ይጽፋል፣ አዲሱን ማመሳከሪያ ይጽፋል። መብራቱ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ቢሄድ ዳታው አዲስ፣ ማመሳከሪያው አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ያን ቀን ምንም አታዩም። ከወራት በኋላ ዲስክ ሞቶ ከማመሳከሪያው ሲሰላ ግን የተሳሳተ ነገር ይወጣል። ይህን የሚከላከሉ ዘዴዎች አሉ። ባትሪ ያላቸው የሬይድ ካርዶችም አሉ፤ ዜድኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሥርዓትም ከመሠረቱ በሌላ መንገድ ስለሚጽፍ ይህ ችግር የለበትም። ርካሽ ሳጥን ውስጥ ያለ ተራ ሬይድ 5 ግን ቶሎ ቶሎ መብራት በሚሄድበት ቤት ውስጥ ልቤ አይቀበለውም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልጠቁም አላልፍም። የገዛችኋቸውን ዲስኮች የሞዴል ቁጥር ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉና ኤስኤምአር መሆን አለመሆናቸውን አረጋግጡ። ኤስኤምአር የሚባሉት ዲስኮች ቦታ ለመቆጠብ የዳታ መስመሮቻቸውን ትንሽ ትንሽ አደራርበው ይጽፋሉ። ሲነበቡ ችግር የለባቸውም። ረጅም ጽሕፈት ሲበዛባቸው ግን ይደክማሉ፤ ሬይድ ሲጠገን ደግሞ ሥራው ሁሉ ረጅም ጽሕፈት ነው። ለሰዓታት የታሰበው ጥገና ቀናት ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል በተለይ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ በሚሸጣቸው ሬድ በተባሉት ዲስኮች ውስጥ፣ ከ2 እስከ 6 ቴራ ባሉት ላይ፣ ይህን ዘዴ ለገዢ ሳይናገር መጠቀሙ ታውቆ ትልቅ ቁጣ አስነስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዝርዝሩን ይፋ ያደረገውና ሬድ ፕላስ የሚለውን ለይቶ ያወጣው። የእናንተዎቹ ኤስኤምአር ቢሆኑ አትጣሏቸው። ለባክአፕ ይሆናሉ። ለሬይድ 1 ጥንዱ ግን ሲኤምአር የሆኑትን፣ ማለትም መስመሮቻቸውን የማይደራርቡትን፣ ተጠቀሙ።

ሬይድ 1 ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሁለት ዲስክ፣ አንድ ዓይነት ዳታ። የምትጽፉት ሁሉ በሁለቱም ላይ ይጻፋል። ከ8 ቴራ የምትጠቀሙት 4ቱን ነው፤ ዊንዶውስ 3.63 ብሎ ያሳያችኋል፣ ቆጠራው ስለሚለይ ነው እንጂ አልተሰረቃችሁም። በአንድ ሰሞን 3 ቴራ ካላችሁ ይበቃል። የምወደው ሲበላሽ ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው ብቻውን ሙሉ ነው፤ ስሌት የለም፣ ሦስት ዲስክ ማስተባበር የለም። በተለይ ጥር ላይ፣ ጥምቀት አልፎ ሰርጉ ቅዳሜና እሁድ ሲደራረብ፣ ሥራ ሳይቆም ዲስክ መተካት መቻል ትልቅ ነገር ነው። ወደፊት ሥራችሁ አድጎ አራት ዲስክ የሚያስፈልግበት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ሬይድ 10 አለ። ሁለት ጥንድ ሬይድ 1 ሠርታችሁ ጥንዶቹን በሬይድ 0 ታያይዛላችሁ፤ 8 ቴራ ታገኛላችሁ፣ ፍጥነትም ትጨምራላችሁ። ያን ጊዜ ግን ለባክአፕ ሌላ ዲስክ መግዛታችሁ ግድ ነው።

ምክንያቱም ማናቸውም ሬይድ ባክአፕ አይሆንም። ሬይድ ማለት ስኮርታ ጎማ ነው። ጎማ ቢፈነዳ መንገድ ላይ አያስቀራችሁም፤ መኪናው ከተሰረቀ ግን ስኮርታውም አብሮ ይሄዳል። ወንድምህ ደክሞት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተሳሳተ ፎልደር ቢሰርዝ ከሁለቱም ዲስክ በዚያችው ሴኮንድ ይሰረዛል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባ ሁለቱንም ይቆልፋል። ሌባ ኮምፒውተሩን ቢወስድ፣ ውኃ ቢገባ፣ መብራት ሲመለስ ኃይሉ ጨምሮ መጥቶ ሳጥኑን ቢመታ፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ናቸው።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። ጃንዋሪ 31፣ 2017 ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ውስጥ አንድ መሐንዲስ ሌሊት ችግር እየፈታ ሳለ በተጠባባቂው ሰርቨር ላይ የሚሰርዝ መስሎት ዋናውን ዳታቤዝ ሰረዘ። ከ300 ጊጋ ባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ነበር። አምስት ዓይነት የመከላከያና የባክአፕ ዘዴ ነበራቸው፤ ሲፈለግ አንዱም በአግባቡ አልሠራም። ያዳናቸው አንድ መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ብሎ ከ6 ሰዓት በፊት በእጁ ያወጣው ቅጂ ነው። ኩባንያው ይህን ሁሉ ራሱ በግልጽ ጽፎ አወጣ፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባል። ማርች 10፣ 2021 ደግሞ ስትራስቡርግ፣ ፈረንሳይ ውስጥ የኦቪኤች የዳታ ማዕከል ተቃጠለ። ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ውስጥ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጡ።

ስለዚህ የቀሩት ሁለት ዲስኮች ዋና ሥራቸው ይህ ነው። አንዱን «ሀ»፣ ሌላውን «ለ» ብላችሁ ጻፉባቸው። «ሀ» ስቱዲዮ ሲሆን «ለ» ከመካከላችሁ የአንዳችሁ ቤት ይሁን። በየሳምንቱ አቀያይሯቸው። ስቱዲዮ ያለው ዲስክ ኮፒ ሲደረግ ብቻ ይሰካ፤ እንዳለቀ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ያልተሰካ ዲስክ በቫይረስ አይቆለፍም፣ በመብራት አይመታም። ፎቶግራፈሮች ዘንድ የታወቀው የ3፣ 2፣ 1 ሕግ ይኸው ነው፤ ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በሰፊው ያስተዋወቀው ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

ሰርጉ ባለቀበት ሌሊት የሚደረገውን ልዘርዝረው፤ ብዙ ሰርግ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነውና። ከሙሽሮቹ ቤት ስትመለሱ ያለው ብቸኛ ቅጂ ሚሞሪ ካርዱ ነው። መጀመሪያ ካርዱን ወደ ጥንዱ ሬይድ ኮፒ አድርጉ። ቀጥሎ እንደገና ከካርዱ ወደ ባክአፕ ዲስኩ። ከሬይዱ ወደ ባክአፕ አትበሉ፤ የመጀመሪያው ኮፒ ስህተት ካለበት ስህተቱን ታባዙታላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ቴራኮፒ የሚባለውን ተጠቀሙና ማረጋገጫውን አብሩት፤ ኮፒ ካደረገ በኋላ ሁለቱን ፋይሎች መልሶ አንብቦ ያመሳክራል። ጊዜውን ያረዝመዋል፤ እናንተ ተኙ፣ እሱ ሌሊቱን ይሥራ። ጠዋት ከየካርዱ ሁለት ሦስት ፋይል ከፍታችሁ መካከሉንና መጨረሻውን እዩ። ካርዱ ፎርማት የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው። ካርድ አንሶ ቸኮልን የሚባል ምክንያት እንዳይኖር ተጨማሪ ካርድ ግዙ። እናንተ ጋ ካለው ዕቃ ሁሉ ርካሹ መድን እሱ ነው።

ሁሉንም ክላውድ ላይ እንጫን ካላችሁ አስሉት። ሁለት ካሜራ አምስት አምስት ሰዓት ቢቀርጽ፣ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋ፣ በድምሩ 450 ጊጋ ባይት ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት በሚጭን ኢንተርኔት 100 ሰዓት ይፈጃል። ከአራት ቀን በላይ ነው፤ ያም ሳይቋረጥ። ያለቀው ፊልም ግን 20 ጊጋ ቢሆን ከአራት ሰዓት ተኩል በታች ያልቃል። እሱን ጫኑት። አሜሪካና ዱባይ ላሉት የሙሽሮቹ ዘመዶች በሊንክ የምትልኩት እሱኑ አይደል? ከተማ ቢቃጠል እንኳ ያለቀው ሥራ በሕይወት ይኖራል።

ጥንዱን በምን ትሠሩታላችሁ? ሁለት መንገድ አለ። ሁለታችሁም አንድ ፋይል የምትካፈሉ ከሆነ ባለ ሁለት ዲስክ ናስ (በኔትወርክ ኬብል ብዙ ኮምፒውተሮች የሚካፈሉት የዲስክ ሳጥን)፣ ለምሳሌ ሲኖሎጂ ወይም ኪውናፕ፣ ምቹ ነው። በጊጋቢት ኬብል በሴኮንድ 110 ሜጋ ባይት ገደማ ይሰጣችኋል፤ ከላይ ካሰላነው የሦስት ካሜራ ፍላጎት ይበልጣል። በዋይፋይ ግን አትሞክሩት። ናሱ ውድ ከሆነባችሁ ዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ስቶሬጅ ስፔስስ የሚባል አለ። ቱ ዌይ ሚረር የሚለውን ምረጡ። ዲስኮቹን ስለሚያጠፋቸው ባዶ መሆናቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ጥሩነቱ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ሁለቱን ዲስክ ሌላ ዊንዶውስ ላይ ሰክታችሁ ማንበብ መቻላችሁ ነው። ስማቸው የማይታወቅ የሬይድ ሳጥኖችን ግን እፈራለሁ። ሳጥኑ ሲሞት ዲስኮቹ ጤነኛ ሆነው እንኳ ያንኑ ዓይነት ሳጥን ካላገኛችሁ ላይነበቡ ይችላሉ።

ዲስኮቹን ከመጠቀማችሁ በፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። አዲስ ተብሎ የተሸጠላችሁ ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል፤ ሺዎች ሰዓት ካለው አዲስ አይደለም፣ ወደ ሻጩ መልሱት። ከዚያ በኋላም በየወሩ ሁለት መስመር ተመልከቱ፦ ተበላሽተው የተተኩ ቦታዎች ብዛትና ለመነበብ ያስቸገሩ ቦታዎች ብዛት። ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ቁጥሩ ከወር ወር ከጨመረ ዲስኩ እስኪሞት አትጠብቁ። ናስ ከገዛችሁ ደግሞ ችግር ሲኖር በኢሜይል እንዲያሳውቃችሁ አስተካክሉት። ሬይድ አንድ ዲስክ ሞቶበትም ዝም ብሎ ይሠራል፤ የሚነግራችሁ ከሌለ ለወራት በአንድ እግሩ እንደቆመ አታውቁም።

ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ለጊዜው በባትሪ የሚይዘው ዕቃ፣ ግዴታ ነው። ጀነሬተር ቢኖራችሁም እንኳ፤ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ያሉት ሴኮንዶች ናቸው አደገኞቹ። የቮልቴጅ ማስተካከያ ያለው፣ በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ወይም ከናሱ ጋር የሚገናኝ ዓይነት ምረጡ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲዘጋ ታደርጉታላችሁ። አሥር ደቂቃ የሚይዝ ይበቃል። ፕሪንተርና ቡና ማፍያ አትሰኩበት። ባትሪው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ከግድግዳው ነቅላችሁ መያዙን ሞክሩ።

ይህን ሁሉ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ የደንበኛ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ቀን ለሙከራ ስጡት። ቅጂ ያለው አሮጌ ሰርግ ጥንዱ ላይ ጫኑና ኤዲት ማድረግ ጀምሩ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዝጉና ከሁለቱ ዲስኮች የአንዱን ገመድ ንቀሉ። መልሳችሁ ክፈቱት። ፋይሉ ይከፈታል? ማስጠንቀቂያ መጣላችሁ? ኢሜይሉ ደረሰ? የተነቀለውን መልሳችሁ ስትሰኩ ጥገናው ስንት ሰዓት ፈጀ? የትኛው ዲስክ የትኛው እንደሆነ እንዳይምታታ የመለያ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ከፊት ለፊቱ ለጥፉ፤ በሞተው ፈንታ ጤነኛውን መንቀል በጭንቀት ሰዓት የሚያጋጥም ነገር ነው። በዚያው ቀን ከባክአፕ ዲስኩ አንድ ሙሉ ሰርግ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሱና ፕሮጀክቱ እንዳለ መከፈቱን እዩ። ይህ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ ሥራው ቀዝቀዝ ባለበት በጾሙ ወቅት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ችግር ቢገኝ እንኳ ጥር ሳይገባ ለማስተካከል ጊዜ ይኖራችኋል።